አንዷ ወንበር

የመጀመሪያ ዜናዬን የሠራሁት ስለ አዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቄ ለሙከራ በገባሁበት መሥሪያ ቤት፣ መሄድ የነበረበት ሰው ታሞ ቀረና "እስኪ አንቺ ሂጂ" ተባልኩ። ቀሚሴን ተኩሼ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይዤ (አንዱ ቢነጥፍስ?)፣ ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረስኩ። ጥበቃው ራሱ ገና ቁርሱን እየበላ ነበር።

ሪፖርት ቀረበ። አስተያየት ተሰጠ። አስተያየት ሰጪዎቹ "በቅድሚያ ለተሠራው ሥራ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ" ብለው ይጀምራሉ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ላይ ይጨርሳሉ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። የሚደግፍ? አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የሚቃወም? ጸጥታ። ድምፀ ተአቅቦ? አሁንም ጸጥታ። "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።" ጭብጨባ። ሁለተኛው እስክሪብቶዬ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ስብሰባው አለቀ።

ቢሮ ተመልሼ ዜናዋን ጻፍኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ሆነች። አለቃዬ (ጋሼ ነው የምላቸው) መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡና "ልጄ፣ ይቺ ዜና በአንድ እግሯ ነው የቆመችው" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ክፍል ውስጥ እስኪሰለቸኝ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር "ሁለተኛው ወገን ምን አለ?" የሚለውን ነው። ይህን ያልመለሰ ዜና ነጥብ ያስቀንሳል። ነጥብ እንዳይቀነስብኝ ስል ስንቱን ምስኪን "የተቃውሞ ሐሳብ የለዎትም?" እያልኩ አድርቄያለሁ።

"ጋሼ፣ ሁለተኛው ወገን እኮ የለም" አልኳቸው።

ሳቁ። "እሱን ጻፊዋ!"

አልጻፍኩም። ፈራሁ ማለት ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን እንዴት እንደሚጻፍ አላወቅኩበትም። የሌለ ነገር እንዴት ይዘገባል? እንግዲህ ይቺ ጽሑፍ ያኔ ያልጻፍኳት ዜና ናት። ዘግይታለች፤ ይቅርታ።

*

አባዬ ቁጥር አይወድም። የደሞዙን ልክ እንኳ በትክክል የምታውቀው እናቴ ናት። አንድ ቁጥር ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ 137።

በ1997 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሚያዝያ 30 ቀን አባዬ ትከሻው ላይ አስቀምጦ መስቀል አደባባይ ወሰደኝ። ጤፍ ቢበተን መሬት አይወድቅም የሚባለውን ሕዝብ ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ከዚያ ቀን የቀረልኝ ሌላው ነገር ሁለቱ ጣት ነው። ሁሉም ሰው ሁለት ጣቱን ወደ ላይ አድርጓል፤ እኔም አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት ለሚያልፍ አውቶቡስ፣ ለጎረቤት ውሻ፣ ለቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ላገኘሁት ሁሉ ሁለት ጣቴን አሳይ ነበር። አንድ ቀን እናቴ መንገድ ላይ እጄን አፈፍ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። "ሁለተኛ እንዳታሳዪ!" አለችኝ። ቆንጥጣኝ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ቆነጠጠችኝ።

በመሀል የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ታናናሾቼ ግን ባጭሩ ልበለው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። ለኢሕአዴግ አንዲት ወንበር ቀረች። በነሐሴ የቅንጅት ተመራጮች ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጡ። አባዬ "ከንቲባችን" ማለት ጀመረ። ከንቲባው ግን ቢሮ አልገቡም። ምርጫው ተጭበርብሯል፣ አልተጭበረበረም በሚል ክርክሩ ከረረ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት መጨረሻ 1998 ዓ.ም. መንገድ ላይ ደም ፈሰሰ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱትን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ብሎ ቆጠራቸው። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ የወጡት በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ነው። ከተማዋ ከግንቦት 1998 ጀምሮ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ስትመራ ቆየች። ያ 137 ያለበት ምክር ቤት አንድም ቀን ሥራውን ሳይጀምር ቀረ።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ተደገመ። ውጤቱን አባዬ ለብዙ ዓመት አላመነውም፤ እኔም በኋላ ሳነበው የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር። ኢሕአዴግ 137፤ ተቃዋሚ 1። ቁጥሩ ያው፣ ባለቤቶቹ ብቻ ቦታ የተለዋወጡ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ራሳቸውን አገለሉና ያቺ አንዷም ሄደች፤ 138 ለ 0። የዚያ ምክር ቤት ዘመን በ2010 ሲያልቅ ተራዘመለት። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ተወዳደረ፤ ኢዜማም፣ ባልደራስም ተወዳደሩ፤ የባልደራሱ አቶ እስክንድር ነጋ በፍርድ ቤት ውሳኔ እስር ቤት ሆነው ነበር ዕጩ የሆኑት። ውጤት፦ ብልጽግና 138 ለ 0።

የኳስ ውጤት ቢሆን ኖሮ "ይቺ ቡድን በረኛ የላትም እንዴ?" እንላለን።

*

ቤታችን ውስጥ ግን የ1997 ዋናው ጠብ ከኢሕአዴግ ጋር አልነበረም። አባዬና አጎቴ መካከል ነበር።

በ1998 መግቢያ ላይ ታክሲው፣ ካፌው፣ ልቅሶ ቤቱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው ይላሉ፤ "ይግቡ ወይስ አይግቡ?" ቅንጅት ያሸነፈውን ወንበር ይረከብ ወይስ ተጭበርብሯል ብሎ ውጭ ይቅር? አጎቴ "ይግቡ" ባይ ነበር። "ትንሽም ብትሆን በእጅህ ያለችውን ያዝ፤ ከውስጥ ሆነህ ታገል" ይላል። አባዬ "አይግቡ" ባይ። "ሌባ የሰረቀህን ግማሹን ሲመልስልህ አመስግነህ ልትቀበል ነው?" ይላል። አንድ የእሑድ ምሳ ላይ ነገሩ ከፋ። አጎቴ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በሰርግና በለቅሶ ካልሆነ አይነጋገሩም ነበር። እኔ ያደግሁት አጎቴን በበዓል እየሄድኩ በድብቅ እየሳምኩ ነው።

ጋዜጠኝነት ስማር የዚህን ጠብ መጨረሻ ለማግኘት ብዙ ለፋሁ። ማን ልክ ነበር? ሳነብ፣ ስጠይቅ፣ ስከራከር አንድ ሌላ ነገር ላይ ደረስኩ። አባዬ አይወደውም፤ ቢሆንም እላለሁ።

ያ ምክር ቤት ሥራ ቢጀምር ኖሮ ተቃዋሚው ማን ይሆን ነበር? የኢሕአዴጉ አንድ ሰው! አስቡት። አገሪቱን የሚገዛው ፓርቲ ዋና ከተማው ላይ ባለ አንድ ወንበር ተቃዋሚ ይሆናል። ያ ሰው በጀት ሲቀርብ እጁን አውጥቶ "ይቺ መስመር አልገባችኝም" ይላል። 137ቱ ያጉረመርማሉ። ሰብሳቢው "ዕድል ይሰጠው" ይላሉ፤ ወይም አይሉም። የሚሉ ቢሆን አገሩ ሁሉ አንድ ነገር ይማር ነበር፤ ገዢው ፓርቲ መቃወም ምን እንደሆነ በራሱ ሰው ላይ ያየዋል፤ ቅንጅትም ተቃዋሚን መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ በራሱ ወንበር ላይ ሆኖ ያየዋል። የማይሉ ቢሆን ደግሞ እኛ ልጆቹ ከ137ቱም ብዙ መጠበቅ እንደሌለብን በጊዜ እናውቅ ነበር።

አባዬ 137ን ሲጠራ ዓይኑ ያበራል። እኔን ግን የቀረችው 1 ናት ዕንቅልፍ የምትነሳኝ። ደስ ባለን ቀንም ሆነ ባዘንን ቀን፣ በነጻ በመረጥን ጊዜም ሆነ መርጠናል በተባልንበት ጊዜ፣ በእነዚህ አራት ምርጫዎች ይቺ ከተማ ከአንዲት ወንበር የበለጠ ተቃዋሚ አላገኘችም። ስናሸንፍም ጠራርገን ነው፤ ስንሸነፍም ተጠራርገን ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ልባችን ሳይሆን ሕጉ ነው። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ቀዳሚ የሆነው ይወስዳል፤ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። ከመቶ አርባው ሰው ሌላ ቢመርጥና አርባው በየሰፈሩ ተበትኖ ሁለተኛ ቢወጣ፣ አርባው ሰው ምክር ቤት ውስጥ አንድም አፍ አይኖረውም። በ2009 እና 2010 ዓ.ም. ፓርቲዎች ሲደራደሩ ቅይጥ ሥርዓት ይሁን፣ የተወሰነው ወንበር በድምፅ ድርሻ ይከፋፈል የሚል ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር። በ2011 የወጣው የምርጫ ሕግ ግን የአብላጫውን ሥርዓት እንዳለ አስቀጠለው። ይህን ስነግረው አባዬ "ኤጭ፣ ሒሳብ!" አለኝ። ቁጥር አይወድም አላልኳችሁም?

*

"እና ተቃዋሚ ቢኖር ምን ይፈይድልሻል?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጓደኞቼም ይሉኛል። ለጓደኞቼ የምመልሰው በአክስቴ ነው።

አክስቴ ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖራለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ሰፈሯ ተነሺ ሆነ። ልማቱን ልሳደብ አይደለም። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ፎቶም ተነስቼበታለሁ። አክስቴም ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ከምትደረድርበት ቤት መውጣቷን አልጠላችውም። የጠላችው አንድ ነገር ነው፤ የምትጠይቀው ሰው ማጣቷን።

ጥያቄዋ ትልቅ አልነበረም። ስንት ቀን አለን? ዕቃ የሚያነሳው ማነው? ደግሞ ዕድሩስ? ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ በየወሩ ሲዋጣ የኖረው ገንዘብ አለ። የዕድርተኛው ግማሽ ወደ አንድ ዳር፣ ግማሹ ወደ ሌላ ዳር ሲሄድ ሰው ቢሞት ማን ይቀብራል? አንድ ቢሮ ሄደች፤ ወደ ሌላ ቢሮ ላኳት። ሌላኛው ቢሮ "ከላይ ነው" አላት። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ? ምክር ቤት ወኪላችን ማነው?"

አፈርኩ። ምክር ቤቱን ዘግቤያለሁ፤ የአክስቴን ወኪል ግን አላውቅም። ሰው በሰው አፈላልጌ አገኘኋት። መምህርት ነበረች፤ ትሁት፣ ደከም ያለች ሴት። ማኪያቶ ጋበዘችኝ። ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ልክ ነሽ፤ የዕድሩ ነገር እኔንም አሳስቦኛል" አለችኝ።

"ታዲያ ምክር ቤት ላይ አይነሳም?"

"በፓርቲ መድረክ አንስተነዋል።"

"መልሱስ?"

"እሱ እንግዲህ የውስጥ ነው" አለች፤ ዓይኗን ወደ ሲኒው አድርጋ።

ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን ደግሜ ልበለው። ጥያቄው ውስጧ አለ። ግን የራሷን ፓርቲ ዕቅድ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ብትጠይቅ ሌሎቹ ምን ነካት ይሏታል። መጠየቅ ለእሷ ድፍረት ነው። የተቃዋሚ መሪ ለሚባል ሰው ግን ድፍረት አይደለም፤ ሥራው ነው። ደሞዝ የሚበላበት፣ ካልጠየቀ የሚታማበት ሥራ። የእሷ ጥያቄ ውስጥ ተነስቶ ውስጥ ይቀራል፤ የእሱ ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። አክስቴ መልሱን ባትወደው እንኳ መልስ የሰጠውን ሰው ስም ታውቃለች። እኔም ዜናዬ ሁለተኛ እግር ታገኛለች።

ብርቅ ነገር አይደለም። የለንደን ጉባኤ 25 አባላት ብቻ ናቸው ያሉት፤ በዓመት አሥር ጊዜ ከንቲባውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቁታል። ለንደን ሩቅ ነው ካላችሁ ናይሮቢ አለላችሁ። ናይሮቢ 85 ቀጠናዎች አሏት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ ሕግ በምክር ቤቱ ውስጥ የአብላጫው መሪና የአናሳው መሪ የሚባሉ ሁለት ሰዎችን በስማቸው ያውቃቸዋል። ናይሮቢ ሙስና የለም፣ ጭቃ የለም አላልኩም። በጀት ሲጸድቅ "ለምን?" ማለት ኃላፊነቱ የሆነ ሰው አለ ነው ያልኩት። የእኛ ከተማ ለ2017 ያጸደቀችው በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አንድ "ለምን?" ውድ ነው?

*

"ተቃዋሚዎቹስ ገቡ አይደል?" ይለኛል አባዬ። እውነቱን ነው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ መንግሥት ሲመሠረት፣ የ1997ቱ "ከንቲባችን" ዶክተር ብርሃኑ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ከ2002 እስከ 2007 በፓርላማ ብቸኛው የተቃዋሚ ድምፅ የነበሩት አቶ ግርማ ሰይፉም የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኃላፊ ሆኑ። አባዬ ያን ቀን ቡና አስፈልቶ ጠጣ። "ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላም ቢሆን ገባ!" አለ።

እኔ ደስታውን አልቀማሁትም። ከመታሰር መሾም ይሻላል፤ ማን ይጠላል? ግን ካቢኔ ውስጥ ያለ ተቃዋሚ የካቢኔውን ዕቅድ ይሠራል እንጂ ምክር ቤት ቆሞ አይጠይቅም። አብሮ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ከተማዋ ሁለቱም ያስፈልጓታል፤ ያገኘችው አንዱን ነው።

ለተቃዋሚዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በምርጫ ሰሞን ፖስተራቸው ይለጠፋል፤ ምርጫው ሲያልፍ ፖስተሩ ዝናብ መትቶት ይወርዳል፤ እነሱም አብረው ይወርዳሉ። የውኃ ፈረቃው፣ የታክሲ ሰልፉ፣ የአክስቴ ዕድር የሚጠብቃቸው ግን ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። ወንበር የለንም ይላሉ፤ እውነት ነው። በጀቱን አንብቦ "እዚህ ጋ አልገባንም" ብሎ መግለጫ ለማውጣት ግን ወንበር አያስፈልግም፤ ማንበብ ነው የሚያስፈልገው።

*

አክስቴ ዕቃዋን የጫነችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የደረሳት ቤት ገላን ጉራ ነበር። እህታቸው ናትና አባዬም መጣ፣ አጎቴም መጣ። ሰላምታቸው እንደ ልማዳቸው በአገጭ ነበር። ሌላው ዕቃ ሁሉ በሰላም ወረደ፤ የአክስቴ የድሮ ቁምሳጥን ግን አዲሱ ቤት በር ላይ ተሰነቀረ። አጎቴ ከውስጥ ሆኖ ይስባል፤ አባዬ ከውጭ ሆኖ ይገፋል።

"ይገባል!" አለ አጎቴ።

"አይገባም እያልኩህ!" አለ አባዬ።

"ይገባል አልኩህ!"

"አይገባም!"

ድንገት ሁለቱም ዝም አሉ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። ከዚያ አጎቴ ሳቀ። በመጨረሻ አባዬ ሳቀ፤ ቁምሳጥኑን እንደተደገፈ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። በሮቹን ከማጠፊያው ፈትተው፣ አጋድመው፣ ቀስ ብለው አስገቡት።

ማታ ስንመለስ አባዬ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም አለና "ቢገቡ ኖሮ..." ብሎ ጀመረ። ጠበቅሁት። አልጨረሰውም። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም። ገብተው ምን ይገጥማቸው እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ እሱም የ193ቱን ሰዎች ቁጥር እንደ 137 በቃሉ ያውቀዋል፤ አይጠራውም እንጂ።

ሰሞኑን አክስቴ ደወለች። ቤቱ ደህና ነው። ውኃ አንዳንዴ ይጠፋል። ጎረቤቶቿን ገና እየለመደች ነው፤ አዲስ ዕድር ለማቋቋም ተነጋግረዋል፤ ድንኳኑ ግን የማን እንደሆነ አልተወሰነም። ሁሉን ከነገረችኝ በኋላ፣

"እዚህስ ወኪላችን ማነው?" አለችኝ።

"ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ሁለት እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።